ፒያሳ ያለችው ማመልከቻ ቤት፦ ለሜዳችን አቤቱታ የከፈልነው ብር ያወጣል ወይ?

ሀዋሳ ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ፍርድ ቤት በር ላይ አለ፣ ክፍለ ከተማ አጥር ሥር አለ፣ መናኸሪያ ዙሪያ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥም አለ። የሚነበብ ማመልከቻ የሚጽፍ ግን በጣት ይቆጠራል። ብዙው ወረቀት «ለክቡርነትዎ» ብሎ ይጀምርና ሦስት ገጽ አልቅሶ ያበቃል። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በቃ።

የዛሬው ግምገማዬ ስለ ምግብ ቤት አይደለም። የአሞራ ገደልን አሳ ጥብስ ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን። ይሄኛው ፒያሳ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ስላለች አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነው። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ሌላ ስም የላትም። ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የደከመ ፕሪንተርና ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ አለ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ወደ እሳቸው ያመጣን የሰፈራችን ሜዳ ነው። ከተራራው ሥር፣ ቤቶቹ የሚያልቁበት ላይ አንድ ሰፊ ክፍት ቦታ አለ። በከተማው መዋቅራዊ ፕላን አረንጓዴ ቦታ ተብሎ የተከለለ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳን እዚያ ይተከላል። ደመራም እዚያ ነው የምንደምረው። ክረምት ላይ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቤታችን ከመድረሱ በፊት እዚያው ተኝቶ ይሰርጋል። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው ራሱ ጠርቶን ግራቪሊያና ዋንዛ ተክለንበታል። አካፋውን ይዘን የተነሳነው ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

አንድ ቀን ቀያሾች መጥተው ችካል መቱበት። «ምን ሊሠራ ነው?» ስንላቸው «ትምህርት ቤት» አሉን።

መጋዘን ቢሆን፣ ሆቴል ቢሆን፣ ሰፈሩ ባንድ አፍ በተነሣ ነበር። ትምህርት ቤትን ግን ማን ደፍሮ ይቃወማል? እኔ ራሴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። መስፈርቱን ያወጣው ሰው እኔ ክፍል ቢመጣ መቀመጫ አያገኝም፤ ቆሞ ነው የሚውለው። ከተማችን በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ማን ይህን ያህል ትሰፋለች አለ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ተመረቀ፣ ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ሰው ከመጣ ልጅ አለ። ልጅ ካለ ክፍል ያስፈልጋል። «አስተማሪ ሆነሽ ትምህርት ቤት ትቃወሚያለሽ?» ያሉኝ ጎረቤቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ወረቀቱ እኔ ላይ ወደቀ። የሰፈሩ ወጣቶች በእጅ የጻፉትን ረቂቅ ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ረቂቁ ያስፈራ ነበር። «የመሬት ወራሪዎች» ይላል፣ «ሙሰኞች» ይላል፣ ወረድ ብሎ ደግሞ «በመቃብራችን ላይ ካልሆነ በቀር» የሚል አለበት። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አልሳቁም። ኪቦርዱንም አልነኩም። ወረቀቱን አጠፉና ሦስት ነገር ጠየቁኝ።

አንደኛው «ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው የግል?» የሚል ነበር። ማናችንም አልጠየቅንም። «ይሄን ሳታውቁ በየትኛው በር ትገባላችሁ?» አሉኝ። በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ መሬት የሚሰጠው በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በምደባ ይስተናገዳል። የግል ባለሀብት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤትም ሌላ ነው፣ ክርክሩም ሌላ ነው።

ሁለተኛው «ፕላኑን በዓይናችሁ አይታችሁታል ወይስ ሲባል ሰምታችሁ?» ነው።

ሦስተኛውን ሲጠይቁኝ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የምትፈልጉት ትምህርት ቤት እንዳይሠራ ነው ወይስ እዚህ ቦታ ላይ እንዳይሠራ? መጀመሪያ እሱን ተስማሙና ኑ» ብለው ሰደዱኝ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ኮከብ የምሰጣቸው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ብሄድ ኖሮ ያንን የወጣቶቹን ረቂቅ «ለክቡርነትዎ» ጨምረው፣ በጥሩ ፊደል ታይፕ አድርገው፣ ብሬን ተቀብለው ይሸኙኝ ነበር። እንደውም ከጋሼ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አካባቢ ያለ ጸሐፊ ጠይቀን ነበር። ከነማስፈጸሚያው 1,000 ብር አለን። ማስፈጸሚያው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ሰው አለኝ» አለ። ጋሼ ሰው የላቸውም። ቢኖራቸውም አያወሩትም።

ሰፈር ተመልሰን ስንወያይ ነገሩ ፈነዳ። አንዲት እናት ተነሥታ «የእኔ ልጅ በጠዋት አስፋልት ተሻግሮ፣ በባጃጅ መሃል ተሹለክልኮ ነው የሚማረው። የእናንተ ልጆች አድገዋል፤ ለኳስ ሜዳ ብዬ የልጄን ትምህርት ቤት አላስቀርም» አለች። ዝም ጭጭ ሆነ። እውነቷን ነዋ። ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው ሜዳው ከሄደ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት፣ ሰው የሚታረቅበት ቦታ የለም አሉ። አንድ አባት ጉዱማሌን፣ ፍቼ የሚከበርበትን የሀዋሳ ሜዳ፣ አነሡ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚያከብረው በዓል ነው፤ ቦታ ከሌለ በዓሉ የት ይከበራል ብለው ሞገቱ። የኛ ሜዳ ጉዱማሌ አይደለም፤ ግን ነጥቡ ገብቶናል። የማታ ማታ የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ይሠራ፣ ሌላ ቦታ ይሠራ። ያቺ እናት ግን «ሌላ ቦታ የሚለው ቦታው ካልተጠቀሰ አልፈርምም» አለች። ለደብዳቤው ከሁላችንም በላይ የጠቀመችው እሷ ናት።

ጋሼ መጀመሪያ የጻፉልን አቤቱታ ሳይሆን የመረጃ መጠየቂያ ነው። አንድ ገጽ፣ 150 ብር። ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ በጽሑፍ ይገለጽልን የሚል። በዚያ ወረቀት ገብተን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ አሳዩን። ሰፈራችን ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። ትምህርት ቤቱም የመንግሥት መሆኑን የዚያኑ ዕለት ሰማን።

ከዚያ ዋናው ደብዳቤ ተጻፈ። ጋሼ ሲጽፉ እያወሩ ነው፤ ጣታቸው ግን አይቆምም። የ«ጉዳዩ» መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለአረንጓዴ ቦታ በተከለለ ሜዳ ላይ ሊሠራ የታሰበው ትምህርት ቤት ወደ አማራጭ ቦታ እንዲዛወርልን ስለመጠየቅ»። የመጀመሪያው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልገን የሚናገር ነው። ወጣቶቹ ይሄ አንቀጽ አናደዳቸው። «ለነሱ እየተከራከርን ነው እንዴ?» አሉ። ጋሼ «አንባቢው ሁለተኛውን አንቀጽ እንዲያነብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያው ላይ አታስቀይሙት» ብለው መለሱላቸው።

ሕጉ ላይ ቆጣቢ ናቸው። እኔ ጎግል አድርጌ ያገኘሁትን አንቀጽ ሁሉ ይዤ ሄጄ ነበር። አብዛኛውን ሰረዙት። የቀረው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ነው። አንቀጽ 92 የአካባቢን ደህንነት በሚመለከት ነገር ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደረጋል ይላል። የ299ኙ አንቀጽ 15 ደግሞ የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበት የሚል ነው። «አራተኛ ከጨመራችሁ ጠበቃ ቀጥረዋል ብለው ይፈሩና ፋይሉን ይዘጉታል» አሉኝ ጋሼ። ይሄ የሳቸው ፍልስፍና ነው፤ እንደሚሠራ ግን አይቻለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ተከራክረናል። እኔ «ሕግ ተጥሷል» ይባል አልኩ። እሳቸው «ተጠንቶ ከሆነ የጥናቱ ውጤት ይገለጽልን፣ ካልተጠና ይጠናልን» ብለው ጻፉ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሙሉ ግምገማ ይጠየቃል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሕግ ጥሳችኋል ብላችሁ ከከሰሳችሁ ጥፋቱ የናንተ ይሆናል፣ ከጠየቃችሁ ግን መልስ የመስጠት ዕዳው የነሱ ነው አሉኝ። እንዳሉት ሆነ።

የጎርፉ አንቀጽ ግን የሁላችንም ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀውን ተናገረ። ውሃው ከየት እንደሚነሣ፣ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ፣ ሜዳው ላይ እስከየት እንደሚተኛ፣ የትኛው ቤት አጥር ሥር እንደሚደርስ ተዘረዘረ። ጋሼ ቅጽል አያስገቡም። «አሰቃቂ ጎርፍ» ስንል «ጉልበት ድረስ የሚደርስ ጎርፍ» ብለው ይለውጡታል። ሐይቁንም አስገብተናል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ከላይ ታጥቦ የወረደ አፈር እዚያው ይቀራል። ድሮ ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ ዛሬ ረግረግ ነው። ሜዳውን በኮንክሪት ከሸፈናችሁት ውሃውም አፈሩም የት ይሄዳል? ጥያቄው ይሄው ነው። ሐይቁን በየቀኑ እያየን ከላዩ ስለሚወርድበት ነገር አለማውራታችን እኔን ይገርመኛል።

የ30፣ 30፣ 40 ነገርም ገብቷል። ከከተማ መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው መመዘኛ ማለቴ ነው። የፕላን ሰዎች ስብሰባ ላይ ሲያወሩት ሰምታችሁ ይሆናል። ጋሼ ቁጥሩን ጠቅሰው «ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ክፍት ቦታ የለም» በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ዘጉት።

የአማራጭ ቦታው አጻጻፍ ብልሃት ነው። ከሰፈራችን ማዶ ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታ አለ። ሁሉም ያውቀዋል። በሊዝ ሕጉ በተሰጠው ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ሰው መሬቱን ሊነጠቅ ይችላል። ወጣቶቹ «የእገሌ ቦታ ይወሰድ» ተብሎ እንዲጻፍ ፈልገው ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። «የሰው ስም ከጻፋችሁ ነገ ከእናንተ ጋር የሚጣላው ሰውየው ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል» ብለው «ግንባታ ሳይጀመርባቸው የቆዩ በአካባቢው ያሉ ቦታዎች በአማራጭነት እንዲታዩ» አደረጉት። ያቺ እናት ይሄን አንብባ ፈረመች። ሁለት ጎረቤቶቿንም ይዛ መጣች።

ስለ ፊርማው ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጋሼ የፊርማ ቅጹን ሲያዘጋጁ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ጉዳዩን ደግመው ጻፉ። አለበለዚያ ገጹ ከደብዳቤው ሲለይ «ለምን እንደተፈረመ አይታወቅም» ይባላል። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ስልክ ከአስተባባሪዎቹ በስተቀር አልተጻፈም። መሃል ላይ ባዶ መስመር አይተውም። መጨረሻው ፊርማ ሥር ሰረዝ ይገባበታል፤ ማንም በኋላ ስም እንዳይጨምር።

መፈረም የማይችሉ አንዲት እናት በባጃጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ጋሼ ተነሥተው ወንበራቸውን ሰጧቸው። የአውራ ጣታቸውን ጫፍ በጨርቅ ጠረጉና ሐምራዊው ታምፖን ላይ ቀስ አድርገው አስነኩት። «እማማ፣ ጣትዎን ላላ ያድርጉት፣ እኔ ነኝ የማንቀሳቅሰው» አሏቸው። ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ብቻ አንከባለሉት። መስመሮቹ ጥርት ብለው ወጡ። ከጎኑ ስማቸውን ጻፉ፣ ሁለት ምስክር አስፈረሙ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ከማስፈረማቸው በፊት ቢያነቡላቸው ይሻል ነበር። ማንበባቸው ራሱ ግን ብዙ ቦታ የማይታይ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ጀነሬተር የላቸውም። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ጠፋ፤ የጎርፉን አንቀጽ እንደገና አስጽፈናል። ሁለተኛ፣ የሚጽፉት ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ተቀብዬ ስልኬ ላይ ስከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተዝረከረከብኝ። ፒዲኤፍ አድርገው እንዲልኩላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እሱን ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የቤት ቁጥር ሲገለብጡ ይሳሳታሉ። ያረማሉ፣ ግን የድጋሚ ፕሪንቱን ብር እኛን ነው ያስከፈሉን። ይሄ ልክ አይደለም፣ ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ። አራተኛ፣ ወሬ። ጨዋታቸው ደስ ይላል፤ ትምህርት ቤት የምትመለሺበት ሰዓት ካለሽ ግን ያቃጥላል።

ዋጋው እንዲህ ነው። ዋናው ደብዳቤ 400 ብር፣ ፕሪንት በገጽ 10 ብር፣ ኮፒ 5 ብር። የፊርማ ቅጹን ከደብዳቤው ጋር አብረው ሠሩት፣ ለብቻው አላስከፈሉም። በቴሌብር ይቀበላሉ። ከዕድሩ ካዝና አላወጣንም፤ ዕድር ለቀብር ነው ያሉ ስለነበሩ በየቤቱ አዋጥተን ነው የከፈልነው። ደረሰኝ የለም፤ መዋጮ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በእጅ የተጻፈ ማስረጃ ጠይቋቸው፣ ይሰጣሉ።

ሌላ የሰጡን ምክር ደግሞ አለ። ግልባጭ ለዓለም ሁሉ አትበትኑ አሉን። የእንባ ጠባቂ ተቋም እዚሁ ሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ በነፃ ነው የሚቀበለው። ግን መጀመሪያ የሚመለከተውን ክፍል ጨርሱ፣ መልስ ካጣችሁ ያን ጊዜ ሂዱ፣ አሁን በግልባጭ ከጠቀሳችሁት በኋላ የምትሄዱበት አይኖራችሁም ነው ያሉት። መዝገብ ቤት ስትገቡም ሁለት ኮፒ ያዙ፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ማኅተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ ብለው አስጠነቀቁን። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ «ነገ ኑ» ሲለን ንቅንቅ ሳንል ያስመታነው ለዚህ ነው።

ውጤቱስ? ሜዳው ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ችካሉ እስካሁን አልተነቀለም። ግን ለስብሰባ ጠሩን። የመጣው ኃላፊ ደብዳቤያችንን በእጁ ይዞ ነበር የገባው፤ ሥሩ ላይ አስምሮበታል። የጎርፉን አንቀጽ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበና አጠገቡ ያለውን መሐንዲስ «ይሄ ታይቷል?» አለው። መሐንዲሱ አልታየም አለ። ፕላን ሊሻሻል እንደሚችልም ነገሩን፤ ያ ነገር ደስ አላለንም። የአካባቢ ጥበቃ አስተያየት እስኪመጣ ግንባታ እንደማይጀመር በቃለ ጉባኤ ተያዘ። አማራጭ ቦታዎቹን የሚያይ ኮሚቴ ተሰይሟል፤ ያቺ እናት ከሰፈራችን ተወክላ ገብታበታለች። እኔ አልተመረጥኩም፣ ክረምት ፈተና አርማለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት በድጋሚ ፕሪንቷ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ጠዋት ሂዱ፣ መብራት ሳይጠፋ። አርብ ከሰዓት አይገኙም። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ኮፒ፣ ፎቶ ካላችሁም ፎቶ። የችግኝ ተከላው ፎቶ ከደብዳቤያችን ጋር አባሪ ሆኖ ሄዷል። ፍላሽ አታስገቡ፣ ካስገባችሁም ቤት ስትደርሱ ቫይረሱን አጽዱት፤ የኔ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ፍላሽ እስካሁን ፎልደሮቹን ደብቆብኛል።